የቡሬ ወሬ

እሁድ፣ ሰኔ 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ጦርነቱ ዓመት አለፈው። የኛ ሬዲዮ ጠላት ተደመሰሰ ይላል፤ የነሱ ሬዲዮ ደግሞ የኛ ጦር ተደመሰሰ ይላል። የራሱን ሟች የሚያነሳ ግን የለም። ሰለቸኝ። ልጄ ሰይድ ያለው ቡሬ ግንባር ነው።

ዛሬ ሰንበቴ ገበያ ላይ ከቡሬ በኩል የመጣ አፋር ግመል ነጋዴ አግኝቼ ጠየቅሁት። አፋሮች ዳጉ የሚሉትን የመንገድ ወሬ ሲነግሩ ያዩትን ከሰሙት ይለያሉ።

«ድሉን ሰማሁ እንጂ አላየሁም» አለኝ። «ያየሁት ቁስለኛ የጫኑ መኪኖችን ነው። የናንተ ልጆች ናቸው፣ እናቴ።»

«ከመካከላቸው ጠይም፣ ረጅም ልጅ አላየህም?»

«አቧራ ፊታቸውን ሸፍኖታል። ያላየሁትን አልነግርሽም።»

ማታ የሰይድ አባት «ድል ነው አሉ፣ ሰማሽ?» እያለ ሬዲዮውን ዘጋ። ድል በተወራ ቀን ብቻ ነው ደህና አድርጎ የሚበላው።

«አልሐምዱሊላህ» ብዬ ራቱን አቀረብኩለት።