የጉተማ ቁራኛ

አዳማ፣ ጥቅምት ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ካረፉበት ላስቸግርዎ ነው። ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ አዲስ አበባ በአስተርጓሚነት ተቀብለውኛል። ከመሄዴ በፊት እርስዎ ችሎት ያስችሉበት የነበረውን አሮጌውን የመንግሥት ቤት ልሰናበት ብዬ ትናንት በቀትር ወጣሁ። አገረ ገዥው ወደ ባቡር ጣቢያው ሠፈር ከተዛወሩ ወዲህ ባዶ ነው፤ አዳራሹ የሌሊት ወፍ ይሸታል።

ዘበኛው ጆቴ ባርኔጣዬን አይቶ፣ "አካም ጂርታ! ፈረንጅ መስለኸኝ እጅ ልነሣህ ነበር" ብሎ ሳቀብኝ። ወደ በረንዳው ሳመራ ግን ሳቁን ተወ። ኑሬ እዚያ ተቀምጧል አለኝ።

ኑሬን አይረሱትም። ከቀፎው የወጣ የንብ መንጋ የጎረቤቱ የጉተማ ግራር ላይ አርፎ ሁለቱ ተካሰሱ፤ እርስዎም ነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው አቆራኟቸውና "ፍርዱን ነገ" አሉ። በማግስቱ ወባ ጣለዎት፤ አልተነሡም። ጉተማም በዚያው ሰሞን ሞተ። ነጠላውን ቀደው ቀበሩት፤ ቋጠሮው ከነቁራጩ ኑሬ ላይ ቀረ። እሱም ያሰሩኝ ዳኛ ሳይፈቱኝ አልሄድም ብሎ ይኸው ሦስት ዓመቱ።

ደረጃው ላይ ለሌላ ሰው ቦታ ትቶ ተቀምጧል። ነፋስ የለም፤ የግራሩ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። የነጠላው ቁራጭ ግን ወደ ባዶው ቦታ ተወጥሮ ቆሟል። ፀሐዩ ነው ዓይኔን ያጭበረበረኝ አልኩ።

"አባትህን ትመስላለህ" አለኝ ኑሬ። ልጁ ደራርቱ አቦምሳ ወልዳ የልጅ ልጁን ዓይን እንዳላየ ነገረኝ።

"ታዲያ ለምን አይሄዱም?"

"ጉተማ እምቢ አለኛ። ዋስ ጥራ ይላል።"

አሳዘነኝ፤ እውነቱን ለመናገር በልቤም ሳቅሁ። የተማርኩ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ቃል ልገላግለው መሰለኝ።

"እኔ ዋስ ነኝ" አልኩ።

"ማል።"

"ባልቀርብ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ።"

ቋጠሮውን ፈታ። ቁራጩን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ ወደ ባዶው ቦታ በአንገቱ እጅ ነሥቶ፣ ሽማግሌው ሊሮጥ ምንም ሳይቀረው ሄደ። እኔም ቁራጩን ደረጃው ላይ ጥዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት ባቡሩ ፉጨቱን ነፋ። ልሳፈር አንድ እግሬን እንዳነሣሁ የሆነ ነገር የኮቴን ጫፍ ከኋላ ሳበኝ። በኃይል አይደለም፤ ባለጉዳይ ባለጋራውን "ወዴት ነው?" እንደሚለው ነበር። ዞርኩ፤ ማንም የለም። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ሳበኝ። ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ።

ይህን የምጽፍልዎ ከደረጃው ላይ፣ ኑሬ ከነበረበት ቦታ ሆኜ ነው። አጠገቤ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቻለሁ፤ ለምን እንደተውኩ እኔም አላውቅም። ንቡ የማንም ይሁን፣ ለኑሬም ይሁን ለጉተማ፣ ይፍረዱልን አባቴ። ሐሙስ ሌላ ባቡር አለ፤ ሻንጣዬን አልፈታሁም።

ደጅዎ ላይ የተቀመጠው ልጅዎ፣
ተክለሃይማኖት አስፋው