የሠራተኛው ሁሉ አባዮ፣ ወ/ሮ ስምረት ይትባረክ (1961 – 2018 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ስምረት ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ይትባረክ ዘገዬና ከወ/ሮ በለጠች ወልደሰንበት መስከረም 18 ቀን 1961 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ ከዚራ ተወለዱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ብቸኛ እህታቸው ትርሲት የተወለደችው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አባታቸው ከሥራ ሲመለሱ ገና ከበር መጀመሪያ የሚጠሩት የስምረትን ስም እንደነበር ትርሲት እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ትምህርታቸውን እዚሁ ከተማችን ተከታትለው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ፣ በ1980 ዓ.ም. በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ በመጋዘን ጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1985 ዓ.ም. ከአቶ ኒቆዲሞስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ዕዝራን ወለዱ። ትርሲት ዲግሪዋን ይዛ በዚያው ፋብሪካ በሰው ሀብት ክፍል ስትቀጠር ወ/ሮ ስምረት ዲፕሎማ እንኳ አልነበራቸውም። ይህ እዚህ የተጻፈው እሳቸውን ለማሳነስ አይደለም። ወይም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ትንሽ ለማሳነስ ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ፋብሪካው የውስጥ እንባ ጠባቂ ቢሮ ሊከፍት ወሰነ። ከአለቃው ወይም ከባልደረባው ጋር የተጋጨ ሠራተኛ ማመልከቻ ሳይጽፍ፣ ማንንም ሳይከስ፣ ገብቶ በምስጢር የሚመክርበት ቢሮ ነው። ሁለቱም እህትማማቾች ተወዳደሩ። ትርሲት አሥራ አንድ ገጽ ዕቅድ አቀረበች። ወ/ሮ ስምረት ምንም አላቀረቡም፤ ሠራተኛው ግን እሳቸውን መረጠ። ትርሲት ቀናች። ለዚህ ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቷን ከሩቅ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ከማለት በቀር አላነጋገረቻቸውም።

ወ/ሮ ስምረት በዚያ አንድ ዓመት የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። ቢሮው በሰው ሀብት ክፍል ሥር እንዳይሆንና ተጠሪነቱ በቀጥታ ለቦርዱ እንዲሆን የሚያደርግ ደንብ አጸደቁ፤ ይህም ትርሲትን አላስደሰታትም። በሌሎች ከተሞች ካሉ የሙያ አቻዎቻቸው ጋር በየወሩ በኢንተርኔት እየተገናኙ ተማማሩ። ወጣቶቹ አቤቱታ በቴሌግራም ይምጣ ሲሏቸው፣ ተጽፎ የተላከ ነገር ተመልሶ አይጠፋም ብለው እንቢ አሉ። ይልቁንም ጀልዴሳና ዋሂል ያሉት የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ድረስ እየሄዱ ሠራተኛውን በአካል ሰሙ። የያዙትን ማስታወሻም ባለጉዳዩ እያየ ይቀዳድዱት ነበር።

ከመጋላ ሰፈር የመጡት ወጣት ሠራተኞች አባዮ ይሏቸው ጀመር፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ስሙ ከማሸጊያ ክፍል ተነሥቶ እስከ ጥበቃ ደረሰ። አንድ እህት ብቻ ያላት ትርሲት፣ እህቷን ሦስት መቶ ሰው እህቴ ሲላቸው ቢሮዋ ቁጭ ብላ ሰማች። ትናንት ለቅሶ ላይ እንኳ የማሸጊያዋ ኢፍራህ፣ “ወላሂ፣ አባዮ እኔን ብቻ የምትሰማ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ሁላችንንም ነው” ብላ ስታለቅስ፣ ትርሲት በእሷም ቀናች።

የቢሮው በር ሠራተኛው ምሳና ሻይ ከሚቀመስበት ክበብ ፊት ለፊት ስለነበር የገባ ሁሉ ይታያል። በሰኔ ወር ወ/ሮ ስምረት በሩ ወደ ጓሮ እንዲዞር ጠየቁ። ትርሲት በክፍሏ ስም “አያስፈልግም” ብላ ጻፈች። ቦርዱ ግን ፈቀደ፤ በሐምሌ በሩ ዞረ።

በነሐሴ ወር የኩላሊት ሕመም ጸናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ትርሲት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ፣ ለምን ዘጋሽኝ ብለው እንዲጠይቋት ጠበቀች። እሳቸውም ዓይን ዓይኗን እያዩ ጠበቁ። ሳይጠይቋት ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ትርሲት ለዚህም ተቀየመቻቸው፤ ያን ሁሉ ሰው የሰማ ጆሮ ለሷ ሲሆን ጠፋ ብላ።

ትናንት ለዚህ ጽሑፍ ቀኖቹን ለማጣራት የቢሮ መሳቢያቸው ተከፈተ። የማንም ስም የለበትም። ያለው የቢሮው ዓመታዊ ሪፖርት ብቻ ነው፤ ሰባ አንድ ባለጉዳይ ይላል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ “አንድ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ እስከ በሩ መጥቶ ክበብ ያለውን ሰው እያየ ተመልሷል። ባለጉዳይ በፈቃዱ ይመጣል እንጂ አይጠራም፤ ስለዚህ አልጠራሁትም። በሩ ቢዞርለት ይመጣ ይሆናል።”

ያ ሠራተኛ እኔ ነኝ። በመጋቢት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት አንድ ጊዜ። በሩ ከዞረ በኋላ ግን አልሄድኩም፤ ለማን እንደዞረ አላወቅሁም ነበር።

ወ/ሮ ስምረት ባለቤታቸውን አቶ ኒቆዲሞስን፣ ልጃቸውን ዕዝራንና እኔን ትተውን ሄደዋል። እግዚአብሔር የእትዬን ነፍስ ደጅ ሳያቆም ያስገባልን።