ሁለተኛው ፖስታ፦ የዶክተር ኦርኔላ ኮላያኒ የሕይወት ጉዞ

ዶክተር ኦርኔላ ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ቪቶ ኮላያኒና ከወይዘሮ አዶሎራታ ስጋራ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1956 በኢጣሊያ፣ በሞልፌታ ወደብ ተወለዱ። በ1980 ከባሪ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በ1983 ከመምህር ሳቬሪዮ ፓንሲኒ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጃቸውን ሚሬላን ወለዱ።

ሥራቸው ከሩቅ ጠፈር የሚመጡ የኮስሚክ ጨረሮች ፀሐይን ሲመቱ ጋማ ጨረር የተባለው ለዓይን የማይታይ ብርቱ ብርሃን ምን ያህል እንደሚወጣ በኮምፒውተር ማስላት ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ፀሐይን ልኬታችንን ታበላሽብናለች ብለው ከሰማይ ካርታቸው ይቆርጧት ነበር፤ እሳቸው ግን ያንኑ ቁራጭ እየለመኑ ይሰበስቡ ነበር። ቢሯቸው ፀሐይ የማይገባበት ምድር ቤት ስለነበር ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ፊሎሜና፣ «ዕድሜሽን ሙሉ ፀሐይ አጥንተሽ ፊትሽ እንደ ወተት ነጣ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በቤተ ሙከራቸው ደንብ መሠረት ልኬቱ ከመታየቱ በፊት የስሌቱ ውጤት በፖስታ ይታሸጋል፤ የተሳሳተም ሁሉን ይጋብዛል። በ2009 ፖስታቸው ሲከፈት ፀሐይ በጋማ ጨረር እሳቸው ካሉት አምስት እጥፍ በርታ ተገኘች። አንድ ባልደረባቸው «በአምስት አባዢውና ይግጠም» ቢላቸው፣ «ማባዛቱን ባለሱቁም ይችላል፤ እኔ የቸገረኝ ለምን እንደበራች ነው» አሉት። በማግስቱም ቤተ ሙከራውን በሙሉ ኦክቶፐስ የተባለውን ባለስምንት እግር የባሕር እንስሳ ጠብሰው ጋበዙ። ያን ቀን የሳቁትን ያህል ስቀው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ የልዩነቱ ምክንያት ነው ያሉትን የፀሐይን መግነጢሳዊ ኃይል በስሌታቸው ውስጥ ለማስገባት ሰባት ዓመት ደከሙ። በ2016 ካንሰር እንደያዛቸው ሲነገራቸው ሐኪሙን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ የፀሐይ ኃይል በየአሥራ አንድ ዓመቱ ጋብ የሚልበትን፣ ስሌታቸውም የሚፈተንበትን 2020ን ያዩ እንደሆነ። ሐኪሙ «አይመስለኝም» አላቸው። እሳቸውም የአዲሱን ስሌት ውጤት በሁለተኛ ፖስታ አሽገው ለእህታቸው ሰጡ። «ፊሎሜና፣ የሳቬሪዮን ደብዳቤዎች በእንፋሎት እንደከፈትሻቸው ይህንንም እንዳትከፍቺ!» አሉ። ወይዘሮ ፊሎሜና እያለቀሱ ማሉ።

ዶክተር ኦርኔላ ሜይ 14 ቀን 2018 በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እህታቸውንና ስሌቱን የተረከቡ አራት ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ብርሃን በማይጠልቅበት ያሳርፍልን። ፖስታው እንደታሸገ ነው። በ2020 ከመቃብራቸው አጠገብ እንከፍተዋለን፤ ትክክል ከሆኑ ጮክ ብለን እናነብላቸዋለን፤ ከተሳሳቱም ወይዘሮ ፊሎሜና ኦክቶፐሱን በእህታቸው ስም ይጋብዛሉና ሁላችሁም ከወዲሁ ተጠርታችኋል።