ስምንት ቁጥር ማሊያህ

አሸነፍን! ወልድያዎችን አሸነፍን፤ የመጨረሻዋን ኳስ ያገባሁትም እኔ ነኝ፣ እኔ ሚስትህ!

ውይ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። ሞገሴ፣ የኔ ጌታ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸኝ እንደ ቀልድ ዓመት ሊሞላ ነው። ልጃችን ወይንሸት ማስተማር ጀምራለች፣ የጓሮው ኮክ አፍርቷል፣ አንተ ነገ ዛሬ ስትለው የኖርከውን የጣሪያ ቀዳዳም አስደፍኛለሁ። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው፤ ወደ ቅርጫት ኳሱ ልመለስ።

ከቀበሌ ስብሰባ የተረፈችህን አመሻሽ ሁሉ ከበርሜል ቀለበት ለተሠራችው ቅርጫት ነበር የምትሰጠው። እኔ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ኮትህን እይዛለሁ። ኳሷንስ ቻልኳት። ያልቻልኩት ዘውድነሽን ነው፣ የክሊኒኳን ነርስ። ዞር ሳትል ትወረውራለህ፣ እሷ እዚያ ናት! እቤት ጨው አጠገብህ ተቀምጦ "የት ነው?" የምትለኝ ሰው፣ እሷ የት እንደቆመች ግን ሳታይ ታውቃለህ። ያኔም ነግሬህ ነበር፤ ትስቅብኝ ነበር።

አርባህ እንደወጣ ቡድኑ ሰው ላከብኝ፤ ማሊያህን ለዘውድነሽ ሊሰጧት። ሞቼ እገኛለሁ! ሜዳ ካልወጣ የብል መጫወቻ ይሆናል አሉኝ። እንግዲያውስ ለብሼው የምጫወተው እኔ ነኝ አልኩ። ተሳሳቁ። ወልድያ ተማሪ ሳለሁ መጫወቴን ማን ያውቃል? ደግሞ ዓመቱ ሳይሞላ ከል አይወጣ፣ በከል ላይ ነጭ ማሊያ አይለበስ። እስከዚያ ጨዋታሽን እንየውና ማሊያው ያኔ ይወሰናል አሉኝ። እነሱ በነጭ፣ እኔ በጥቁር ቀሚሴ፣ ከሥሩ ሱሪህን ታጥቄ፣ ስሮጥ ከረምኩ።

ትናንት ወልድያዎች ሲያዩኝ "መነኩሲት አሰለፉ እኮ!" ብለው ተንከተከቱ። የኛዎቹም "እስቲ መነኩሲቷን ያዟት!" አሏቸው። ኳሷ ፍም ይመስል ማንም እጅ ላይ አትቆይም፤ አቧራው ለብቻው። እኩል ለእኩል ሆነን ፊሽካው ሊነፋ ሲል፣ ዘውድነሽ ዞር ሳትል ወረወረችልኝ። እዚያ ነበርኩ! እንዴት እንደደረስኩ እግሬ ነው የሚያውቀው። ስትገባ ጓድ ሊቀመንበራችን እንኳ መፈክሩን ረስቶ ዘለለ።

ዘውድነሽ አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ታዲያ የወጣልኝ እንዳይመስልህ፤ ቅናቴ የባሰው ያኔ ነው። ለካ በየአመሻሹ እንዲህ ያለ ደስታ ስትጠጣ ኖረሃል? እቤት ስትገባ "ተጫወትን" ብቻ! እኔን ኮት አስይዘህ! ያን ሁሉ ዓመት ከሷ ጋር የሮጥከውን ሩጫ ማን ይመልስልኛል?

ማሊያው የኔ ሆነ። "የሷ ነው፣ ለሷ ስጧት" ያለችው ራሷ ዘውድነሽ ናት፤ እዚህም ላይ ቀደመችኝ፣ ታያለህ? አልረሳህም ብዬ መማል አያስፈልገኝም። ቁጥርህን በጀርባዬ አዝዬ እየሮጥኩ እንዴት አድርጌ ነው የምረሳህ?

በሙት ዓመትህ ጠዋት ቤተ ማርያም ጸሎቱ ይደርሳል፣ ዝክርህ ይበላል፣ ከሌ ይወጣል። ከዚያ ማሊያህን ለብሼ እወጣለሁ፤ ሁሉም ሜዳው ላይ ይገኝልኝ፣ ከብልባላ የሚመጡት ዘመዶችህም፣ ያች ዘውድነሽም፤ ኳሷን ማን ያቀብለኛል? ኮትህን ከድንጋዬ ላይ አኖረዋለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ ቁጭ ብለህ እየኝ። ቀኑ የግንቦት ልደታ ማግስት ነው፤ ማንም እንዳይቀር!