የጉዞዎ ምክንያት

ኖቬምበር 5፣ ማክሰኞ
ጣቢያውን የመጥረግ ተራ የእኔ ነበር። የመጨረሻው ሠራተኛ ከለቀቀ ሠላሳ ዓመት ሆነው፤ ቅጠሉ ግን እስካሁን አልለቀቀም። በሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃው ባቡር ሄጄ ሚስቴን ኪኑን ጠየቅኳት። ዳሌዋ ተሰብሮ ቀጣዩ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው መጦሪያ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ። ምላሷ ደህና ነው። «ከማክሰኞና ዓርብ ሌላ ቀን አታውቅም?» አለችኝ።
መንጃ ፈቃዴን አምና በገዛ እጄ ለፖሊስ መለስኩ። ሽማግሌ፣ ሰው ሳይገጭ ፈቃዱን ይመልስ ይባላል... አመስግነው ሸኙኝ። ባቡር አለ ብዬ።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ
የሰፈሩ ሊቀ መንበር ኦኩዳይራ መጣ። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ተማሪዬ ነበር። ማክሰኞ የባቡር ኩባንያው ተሳፋሪ ሊቆጥር ነው። ከአሥር ካነሰ ጣቢያው ይዘጋል።
«መንደሩን በሙሉ አሳፍራለሁ፣ መምህር።»
«በሙሉ ስንት ነው?»
«ከእርስዎ ጋር አሥራ ሁለት።»
ቢዘጋስ? ቀጣዩ ጣቢያ ከተራራው ማዶ ነው። በእግር... በዚህ ጉልበት?

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ
አንድም ሰው አልቀረም። የዘጠና አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ማካቤ የለቅሶ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ሌላ ደህና ልብስ የላቸውም።
ቆጣሪው ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ ትሑት ወጣት። ቆጥሮ መች በቃው... ወረቀትና እርሳስ አደለን። «የጉዞዎ ምክንያት?» ይላል። ይህን ማንም አልተለማመደም።
ወይዘሮ ማካቤ፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ለመቆጠር ነው የመጣነው» አሉት። ኦኩዳይራ ዓይኑን ጨፈነ።
አሥራ አንድ ሰው «ለመቆጠር» ብሎ ጻፈ። በሚያምር ጽሕፈት፤ ግማሾቹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የእኔ፦ «ሚስቴን ልጠይቅ።»

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ
ደብዳቤ። «የጣቢያው ትክክለኛ ተጠቃሚ ብዛት፦ አንድ።» እንዲህ በግልጽ የተጠቀስኩበት ሰነድ በዕድሜዬ አላየሁም። ማርች 14 የመጨረሻው ቀን።
«መዋሸት ነበረብን፣ መምህር» አለ ኦኩዳይራ።
ልጆች ሳሉ ክፍል ውስጥ ማን አትዋሹ እንዳላቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

ጃንዋሪ 21፣ ማክሰኞ
በረዶ። ባቡሩ አልመጣም። መለማመጃ ይሁነኝ...

ማርች 14፣ ዓርብ
ሦስት መቶ ሰው። ሁሉም ካሜራ ይዟል። ጣቢያ ሲዘጋ ለስንብት አገር የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ፤ «ቀባሪዎች» ይሏቸዋል።
አንዱ፣ «አባባ፣ ፎቶው ውስጥ ገቡ፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አለኝ። ፈቀቅ አልኩ።
ባቡሩ በሰው ጢም ብሎ መጣ፤ መግቢያ የለም። ሾፌሩ ያውቀኛል፤ አንገቱን ደፋልኝና በሩን ዘጋ። የመጨረሻዋ ዓርብ... ሳላያት ቀረሁ። ቆጣሪው ዛሬ ቢመጣ ኖሮ።

ማርች 23፣ እሁድ
ኦኩዳይራ በመኪናው ላድርስዎ አለ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቦይ ውስጥ ገባን። ሁለታችንም ደህና። «ነገ መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ» አለ፣ መሪውን እንደያዘ። አይዞህ አላልኩትም።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ
ባቡሩ ሳይቆም ሲያልፍ ለኪኑ ደወልኩ። «አሁን በዚህ አለፈ።»
ስልኩን ሳንዘጋ ጠበቅን። ስለ ሾርባቸው ጨው አማረረች። አብራት የምታድረው ሴት ታንኮራፋለች። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።
«በመስኮት ታየኝ። ቆመ» አለች። «አንዲት ሴት ወረደች። ጃንጥላ ይዛለች።»
«ሌላስ?»
«አንተ የለህም።»
«የለሁም» አልኳት።
ባቡሩ እስኪሄድ ግን ስልኩን አልዘጋችም።