በሽሮ የሚሰክር ደንበኛ

ተሾመች ተሾመች። ይኸው ተናገርሁት፤ ሰላምታው ይደርሳል። አባቴ ካሴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ ምን ታይቶት እንደ ነበር ሳይነግረኝ አለፈ፤ እኔም አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለ ሹመት ተሾመች ስባል ኖሬ፣ ባለፈው ማክሰኞ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ እጄ ገባ። የሱቃችን ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ።

ለ«እናት ጎተራ» የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቅጥር ኮሚቴ፣
በተለይም ለክቡር ሰብሳቢው ለአቶ ላቀው፣
ንፋስ መውጫ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደ ጉና ተራራ የጸና፣ ወገባችሁም ረዥም ስብሰባ የሚችል ይሁንላችሁ እያልሁ፣ ከባለቤቴ ከአቶ ወንድወሰን ጀምሮ እስከ ጎረቤቴ እስከ ገነት ድረስ ያለው ሁሉ በታላቅ አክብሮት ሰላም እንደሚላችሁ እገልጻለሁ። ያመሰገነ ሰው ምስጋናውን ግማሽ ማስቀረት የለበትምና የእኔን በየተራው አቀርባለሁ፤ ማስታወቂያችሁን ያነበበ ሁሉ ይህንንም ያነብ ዘንድ በዚያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። «የዘመናዊ ግሮሰሪ ሥራ አስኪያጅ፣ ብዛት አንድ» የሚለውን ያረቀቀው ባለሙያችሁ ተስፋሁን የተመሰገነ ምሩቅ ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ግሮሰሪ ማለት ዱቄትና ዘይት፣ ምስርና ሳሙና የሚሸጥበት ቤት መሆኑን እኔም አሥራ ሁለተኛን ስለ ጨረስሁ አልክድም። ነገር ግን በዚህች ከተማ ግሮሰሪ ማለት ወንዶች ቢራ ይዘው የሚቀመጡበትና ሚስቶቻቸው ልጅ የሚልኩበት ቤት መሆኑን፣ መጽሐፍ የማያነብ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚህ የተነሣ የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ገብርኤል ማመልከቻዬን በሰሙ በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጥተው፣ ተቀመጡ ብላቸውም እንቢ ብለው፣ የኖኅን ታሪክ ወይኑን ከተከለበት እስከ ተራቆተበት ድረስ ቆመው ተረኩልኝ። እኔም በአክብሮት አስጨርሼ፣ የምሸጠው ዱቄትና ሳሙና መሆኑን ነገርኋቸው። ያን ጊዜ ተቀመጡና፣ እንዲያ ከሆነስ ጧፍ ይኖር ይሆን ወይ ብለው ጠየቁኝ።

በቃለ መጠይቁ ቀንም ከእኔ ጋር ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ስድስት ወንዶች አራቱ መጠጥ ቤት ያላቸው ነበሩ። አንደኛው ከቢራ አከፋፋይ የተጻፈለትን፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ሣጥን ጥሎ አያውቅም የሚል የምስክር ወረቀት ይዟል፤ ሌላው ደግሞ ከትከሻው በቀር ምንም አልያዘም። ጠበኛ ማስወጣት የለመደ ሰው እንደሆነ አጫወተኝ፤ ደግ ልጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥያቄዎቹ። የኮሚቴው አባል አያ ክንዱ፣ ማምሸት ቢኖር ባሌ ይፈቅድልኝ እንደሆነ ስለ ጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ ከእኔ በፊት የገቡት ስድስቱ ወንዶች ሚስቶቻቸው ይፈቅዱላቸው እንደሆነ አለመጠየቃቸው ቅር ቢለኝም፣ ባለቤቴ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በዚያው በአሮጌው ሱቅ ሚዛን ልይዝ ስገባ ፈቅዶ እንደ ነበርና እስከ ዛሬ እንዳልሻረው በትሕትና ገለጽሁ። እርስዎም ወረቀትዎን ገልብጠው የሚከተለውን አስከተሉ።

«አንድ ደንበኛ ሰክሮ አልወጣም ቢልሽ እንዴት ታስወጪዋለሽ?»

የሦስታችሁንም ፊት አየሁ፤ የሳቀ የለም። አንድ ወር ሙሉ በኮሚቴ ተቀምጠው ለምን ዓይነት ቤት ሰው እንደሚቀጥሩ ያልሰሙ ሰው መኖራቸውን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

«አያ ክንዱ፣ በሽሮ የሰከረ ሰውማ ከመጣልኝ አላስወጣውም፤ አገር እንዲያየው አስቀምጠዋለሁ» አልሁዎ።

አቶ ላቀው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሲስሉ፣ ተስፋሁን ግን አንገቱን ሳያቀና መልሴን ጻፈው። «የደንበኛ አያያዟ ጥሩ ነው» ብሎ ነጥብ እንደ ሰጠኝ በኋላ ሰማሁ፤ እግዜር ይስጠው።

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን ሥራው ከእጄ ሊወጣ ትንሽ ነበር የቀረው። በማስታወቂያችሁ ላይ ዲግሪ ያለው ይመረጣል የሚል ቃል ነበረ፤ በወረፋው ውስጥም ዲግሪውን በፕላስቲክ አስለብጦ ከመካነ ኢየሱስ ድረስ የመጣ ሰው ነበረ። እኔ ያለኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍልና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቆምሁበት እግሬ ነው፤ ይህ ቀን ካለፈኝም ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላ ሰው ሚዛን ስይዝ እንደምቀር አውቄዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መቀመጫው። በክፍሉ ውስጥ አራት ወንበር ነበረ። ሦስቱን እናንተ፣ አራተኛውን ካፖርቶቻችሁ ስለ ተቀመጡበት፣ ተፈታኝ ሁሉ ከጥግ በነበረው የገብስ ጆንያ ላይ ይቀመጥ ነበር። ከእኔ በፊት ስድስቱም ተቀምጠውበታል፤ በንፋስ መውጫ የጥቅምት ውርጭ ሞቅ ያለ መቀመጫ ማን ይጠላል? አንደኛውማ ሙቀቱ ከድንጋጤ የመጣበት መስሎት ነበር አሉ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ስለ አምስት ዓመት ዕቅዴ እያብራራሁ ሳለ ከሥሬ የሚመጣው ሙቀት የእኔ አለመሆኑ ገባኝ፤ ገብስ ራሱን ካሞቀ ሳይደርቅ ተወቅቶ፣ እርጥቡን ተከትቷል ማለት ነው። ስለዚህ ንግግሬን አቋርጬ፣ ይቅርታችሁን ለምኜ፣ የጆንያውን አፍ ፈታሁና እጄን እስከ ክርኔ ከተትሁት። እሳት ነው። ያወጣሁት ጭብጥም ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ለአዲሱ ሱቅ ከዚሁ ገብስ አርባ ኩንታል በማግሥቱ ልትረከቡ መሆኑን ደግሞ ራሳችሁ ነገራችሁኝ።

«ይህ እህል ታሟል፤ ለሰው አይሸጥም» አልኋችሁ።

አቶ ላቀው ተነሥተው እጃቸውን ከተቱና ብዙ ሳያወጡት ቆዩ። ሲያወጡት «ፈተናው አብቅቷል» አሉ። ስለሆነም ወንበር ስለ ነሳችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ለካፖርቶቻችሁ ያሳያችሁትን ክብር ለእኔ አሳይታችሁኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እኔ ሚዛን ላይ ነበርሁ፤ ገብሱም በየቤቱ።

አራተኛ፣ ስለ ታፔላው፤ ሆዴን የሚበላኝ ይህ ነው። በሩ ላይ «እናት ጎተራ ዘመናዊ ግሮሰሪ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ ከተሰቀለ ሳምንቱ ነው። ረቡዕ ዕለት የዘይት ጀሪካን የያዙ ሦስት ሴቶች ከመንገድ ማዶ ቆመው አነበቡና ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ። ሁለት ወንዶች ግን ደስ ብሏቸው ገብተው፣ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ካዩ በኋላ የቀዘቀዘው የት እንዳለ ጠየቁኝ። ማካሮኒ አሳየኋቸው። ሱቁ በሦስት ወር ውስጥ ገበያ ካላገኘ ተጠያቂዋ እኔ መሆኔን በሹመት ደብዳቤዬ ላይ በግልጽ ስለ ጻፋችሁልኝ፣ ስሙ ይቀየርልኝ ብዬ ጠየቅሁ። ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤና አዲስ ማኅተም እንደሚያስፈልግ፣ ቀጣዩ ጉባኤም በታኅሣሥ መጨረሻ እንደሆነ አስረዳችሁኝ። ልጅ እንኳ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስም ታገኛለች፤ የእኛ ሱቅ ግን ገና ሳይወለድ የሌላ ሰው ስም ወጥቶለት፣ ለማስለወጥ ሁለት ወር ይጠብቅ ተብሏል። እኔ የምለምነው «ሱቅ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ሁለት ፊደል ናት፣ ቀለምም ትቆጥባለች።

ለሥራው ልትታዘዝ፣ ስለ ታፔላው ግን ልትነዘንዛችሁ ቃል የገባች፣ በምርጫችሁ የኮራችና ምርጫችሁን እንዳታሳፍር የምትፈራ፣ ታዛዥ ሠራተኛችሁ፣

ወይዘሮ ተሾመች ካሴ
የሱቅ (በእናንተ አጻጻፍ የግሮሰሪ) ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦
ለአባ ወልደ ገብርኤል፣ ጧፉ መግባቱን እንዲያውቁት
ለተስፋሁን፣ ከመጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦ እንዲያነበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በታኅሣሥ እንዳትደክሙ ብዬ ፍሬው የሚባለውን ቀለም ቀቢ አነጋግሬዋለሁ። ሐሙስ ጧት መሰላሉን ያቆማል፤ ብሩሽም ሆነ ክርክር በማይነካበት በዓርቡ ሚካኤል ቀለሙ ይደርቃል። ከኮሚቴው የሚጠበቀው መሰላሉን መያዝ ነው፤ የሚቃወም አባል ካለም ሐሙስ መጥቶ፣ ከመንገድ ማዶ የሚቆሙትን ባለ ጀሪካን ሴቶች ፊት ለፊት እያየ ይቃወም። ለሱቁ ስም ማውጫ ድግስ ጠላዬ ተጠንስሷል፣ በጉ ታስሯል፣ የነቢያት ጾምም ገና ስላልገባ ሰበብ የለም። ከጋይንትም ከስማዳም ከእስቴም ያላችሁ ዘመዶቼ፣ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁም ሆነ እዚያ ጆንያ ላይ ያለፋችሁ ስድስታችሁ ጭምር፣ አንድም ሰው ሳይቀር በአዲሱ ስም ሥር እንድትገኙልኝ ቀኑን ቆርጫለሁ፤ ቅዳሜ ኅዳር 13 ነው።