በር የሌላት ከተማ

ኅዳር 7
ነዳጅ የለም። ጓደኛዬ ምትኩ ባጃጁን አቁሞ በጊዜ መጣ። እየሩስም ከልብስ ስፌቷ በቀጥታ... ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ጎረቤታችን ምስራቅ በመስኮት አይታን "ምንድን ነው የምትሠሩት?" አለች። ምን ልበላት? ጎንደር ስማር የለመድኩት ጨዋታ ነው። እኔ ታሪኩን እናገራለሁ፣ ምትኩ ነጋዴ፣ እየሩስ ሌባ ሆነው ይገቡበታል። የሞከሩት ይሳካ አይሳካ ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ ይወስናል። "ጤና ይስጣችሁ" ብላ ሄደች።
ዛሬም በጨዋታው ካለችው ከተማ መውጣት ፈለጉ። ድልድዩን አፈረስኩት። በዋሻው እንሂድ አሉ፤ ውሃ ሞላሁት።
"ይቺ ከተማ በር የላትም እንዴ?" አለ ምትኩ።
"አላት። ተዘግቷል።"
"ማን ዘጋው?"
ዳይሱን ወደ ኪሴ ከተትኩት።

ኅዳር 9
አባባን አጠብኩ፣ አገላበጥኩ፣ አጥሚት አጠጣሁ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ዓመት ሊሞላው ነው። ወንድሜ ከሳውዲ ይደውልና "አይዞሽ" ይላል። ከዚያ ሆኖ ማለት ቀላል ነው።
የምደባው ነገር... ኒሯቅ ጤና ጣቢያ፣ አዋላጅ ነርስ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የነገርኳት ለእየሩስ ብቻ ነው። ተምሬ አልጋ ሥር መቀመጤ ያንገበግበኛል። ይህን ማሰቤ ደግሞ ያሳፍረኛል። ብሄድ ማን ያያቸዋል?

ኅዳር 14
ዳይሱ ሲንከባለል አባባ ከመጋረጃው ጀርባ ሰሙ።
"በቤቴ ቁማር አይጣልም።"
"ቁማር አይደለም አባባ፣ ብር የለበትም።"
"ዳይስ ካለ ቁማር ነው። ዕጣ አውጡ። ዕጣ ሐዋርያትም ተጣጥለዋል።"
ምን ይባላል? እየሩስ ወረቀት ቆራርጣ ከአንድ እስከ ሃያ ጻፈችበት፣ ኩባያ ውስጥ ጨመርነው። ይሠራል። እንዲያውም ወረቀቱ እስኪገለጥ ልብ ይሰቅላል።
አባባ መጋረጃው ይከፈት አሉ።

ኅዳር 15
ቁርስ ላይ አባባ፦ "ያ ነጋዴ ወንዙን ለምን አይሻገርም?"
"ሞልቷል።"
"በኅዳር?"
አጥሚቱን ማጠጣት ቀጠልኩ።

ኅዳር 21
ጽዮን ማርያም። ሥራ የለም፣ ከምሳ በኋላ ጀመርን። አባባን ትራስ አስደግፈን አስቀመጥናቸው። እኔም ልግባ አሉ።
"ምን መሆን ይፈልጋሉ ጋሼ?" አለ ምትኩ።
"በረኛ።"
በረኛው በአገውኛ ብቻ ነው የሚናገረው። ክፉ ነው። ምትኩ ጉቦ ቢሰጠው ተቀብሎ አባረረው። አባባ እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።
"ያንቺ ሰውስ?"
"እኔ ተራኪ ነኝ አባባ። ሰው የለኝም።"
"አንዲት ልጅ በሩ ሥር ቆማለች። አዋላጅ ናት።"
ይሄን በአማርኛ ነው ያሉት። እየሩስ አቀረቀረች... ነግራቸዋለች ማለት ነው። እጄን ወደ ኩባያው ሰደድኩ፤ በር የሚከፈተው በዕጣ ነውና።
"ተይው። ለዚህ ዕጣ አያስፈልግም፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ከፍቻለሁ።"
አክስቴ ለተሥላሴ ከጋዝጊብላ እንድትመጣ በምትኩ በኩል ልከውባታል። እሁድ ትገባለች። ሁሉም ሲያውቅ እኔ ብቻ አላወቅኩም። ተናደድኩ። ለምን? ዓመት ሙሉ አሰሩኝ እያልኩ ልሂድ ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን ምን ላሳብብ? ፈራሁ።

ኅዳር 29
ነገ ወደ ኒሯቅ ሚኒባስ አለ ተባለ። አክስቴ አጥሚቱን አቅጥናዋለች። ትቼው ሻንጣዬን አሰርኩ።

ታኅሣሥ 6
ኒሯቅ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ትናንት ብቻዬን አዋለድኩ፤ ሴት ልጅ።
እየሩስ ደወለች። ታሪኩን አሁን የሚናገሩት አባባ ናቸው። "ድልድዩን ሠርተውታል። ግን ሽፍታ አስፍረውበታል።"
"ወጣችሁ?"
"የት ተወጥቶ። ካንቺ ይብሳሉ።"
ከዚያ አባባ ስልኩን ተቀበሏት።
"ያቺ አዋላጅ ደረሰች?"
"ደርሳለች አባባ።"
"እንግዲያው በሩን ልዝጋው። ብርድ ይገባል።"
ሳቅኩ። ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ ነው ያለቀስኩት። እኔን አስወጥተው የዘጉት ከውስጥ ሆነው ነው።